ፎርማት ከማድረግዎ በፊት፦ የአሮጌ ኮምፒውተር ድምፅ ሲበላሽ እንዴት ይፈተሻል?

በእኛ ዘንድ ኮምፒውተር ምንም ይሁን ምን ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ድምፁ ሲሻክር ፎርማት፣ ሲቆራረጥ ፎርማት፣ ሲያጉረመርምም ፎርማት። የቤተሰቡ ፎቶ ጠፍቶ፣ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጭኖ ዘፈን ሲከፈት ግን ያው ሻካራ ድምፅ ይወጣል፤ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የላላ መሰኪያ ነበርና።

ይህ መመሪያ የተጻፈው አሮጌ ዴስክቶፕ ላላቸው ሰዎች ነው፦ ዊንዶውስ 7 ወይም 10 የተጫነበት፣ የድምፅ ክፍሉ ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር አብሮ የተሠራ፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ የቤዝ ሳጥን የተሰኩበት ኮምፒውተር። አብዛኛው ለላፕቶፕም ይሆናል። ፍተሻው የሚሄደው ከጆሮ ወደ ማሽኑ ነው፤ ስፒከሩ፣ ገመዱና ቀዳዳው፣ ኤሌክትሪኩ፣ የድምፅ መጠኑና ቅንብሩ፣ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ የድምፅ ክፍሉን እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም)፣ በመጨረሻ ማዘርቦርዱ። ብዙ ሰው ከድራይቨር ይጀምራል። ድራይቨር ማውረድ ገመድ ከመንቀል የበለጠ ሙያ ስለሚመስል ይሆናል እንጂ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

1. ምን ዓይነት ብልሽት እንደሆነ በጆሮ ይለዩ

ለሙከራ በደንብ የሚያውቁትን አንድ ዘፈን ይምረጡ። የበገና መዝሙር ለዚህ አይሆንም፤ በአውታሮቹና በብርኩማው መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች ድምፁ እንዲነዝር ታስበው የተደረጉ ስለሆኑ ጤነኛው ስፒከር የተቀደደ ይመስልዎታል። ማሲንቆም በተፈጥሮው ሻካራ ነው። ዋሽንት ወይም ያለ ሙዚቃ የሚናገር የሰው ድምፅ ይሻላል፤ ትንሿን መሻከር እንኳ ያጋልጣሉ።

የመረጡትን ዘፈን መጀመሪያ በስልክዎ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ ሲገለበጡ የኖሩ የድሮ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ጉድለቱን በውስጣቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። በስልኩም ከሻከረ ፋይሉ ነው፤ ኮምፒውተሩን አይንኩት።

ፋይሉ ጤነኛ ከሆነ በኮምፒውተሩ ላይ ከፍተው ልብ ብለው ያዳምጡ። ድምፁ የሚሰነጠቀው ከፍ ሲያደርጉት ብቻ ከሆነ የስፒከሩ ወረቀት ወይም የድምፅ መጠን ጉዳይ ነው። የሚንተባተብ፣ አንዷን ቁራጭ የሚደጋግም ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ማሽኑ ሥራው በዝቶበታል አለዚያም ድራይቨሩ ተበላሽቷል። ዘፈን ሳይከፈትም የሚያጉረመርም ከሆነ ወደ ኤሌክትሪኩ ይሂዱ። ማውስ ሲንቀሳቀስ ጭርጭር የሚል ከሆነ ከማሽኑ ውስጥ የሚገባ ረብሻ ነው። ሙዚቃው እየተሰማ ዘፋኙ ከጠፋ ደግሞ ደስ ይበልዎት፤ ነገሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ በ4ኛው ደረጃ ላይ ይገኛል።

2. ሁለት ቅያሬዎች

መጀመሪያ የስፒከሩን ድምፅ ዝቅ ያድርጉ። አረንጓዴውን መሰኪያ ከኮምፒውተሩ ነቅለው ስልክዎ ላይ ይሰኩትና ያንኑ ዘፈን ያጫውቱ። ቀጥሎ የስልክዎን ጆሮ ማዳመጫ ኮምፒውተሩ ኋላ ባለው አረንጓዴ ቀዳዳ ላይ ሰክተው ይስሙ።

ስፒከሩ ከስልክ ጋርም ከሻከረ ጥፋቱ ከስፒከሩ ወይም ከገመዱ ነው፤ ወደ 3 ይሂዱ። ስፒከሩ ከስልክ ጋር ጥሩ ሆኖ ጆሮ ማዳመጫው ኮምፒውተሩ ላይ ከሻከረ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ነው፤ ወደ 6 ይዝለሉ። ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ሆነው ሲገናኙ ብቻ የሚበላሹ ከሆነ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት፣ ማለትም 4ንና 5ን ይመልከቱ። ስልክዎ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን ወይም የጎረቤት ላፕቶፕ ይተካዋል። ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው፤ ሁለት ነገር ቀይረው ቢስተካከል የትኛው እንደነበር አያውቁም።

3. ስፒከሩ

ከሁሉ በፊት ስፒከሩ የተቀመጠበትን ነገር ይያዙ። የመስታወት ጠረጴዛ፣ የላላ መሳቢያና የቤዝ ሳጥን ላይ የተደረደረ ጌጣጌጥ የተቀደደ ስፒከር ድምፅ ያወጣሉ። ሳጥኑን መሬት ላይ አውርደው ያጫውቱ።

ያ ካልሆነ ኤሌክትሪኩን ነቅለው የፊቱን ጨርቅ ወይም ወንፊት ያንሱ። ጣቶችዎን በወረቀቱ መሐል ባለችው ጉብታ ዙሪያ እኩል ዘርግተው በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ለቀቅ ያድርጉት። ጤነኛ ስፒከር ያለ ምንም ድምፅ ገብቶ ይመለሳል። ወረቀት ላይ ወረቀት እንደሚፈተግ ያለ «ሽር» የሚል ነገር ከሰሙ ወይም በጣትዎ ከተሰማዎት ከወረቀቱ ሥር ያለው የሽቦ ጥቅል ከማግኔቱ ጋር እየተፋተገ ነው። ይህ በቤት አይጠገንም፤ ተመሳሳይ ስፋትና ተመሳሳይ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) ያለው ስፒከር ገዝቶ መተካት ነው። ኦሙ ከማግኔቱ ጀርባ ይጻፋል፤ በትንንሽ የኮምፒውተር ስፒከሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 8 ነው። በወረቀቱ ዳር ላይ ያለ ትንሽ ቅድ ግን ስስ ወረቀትና ሲደርቅ ግትር የማይል ሙጫ ይበቃዋል።

የድምፅ ማዞሪያውን ሲያዞሩ ብቻ የሚንኮሻኮሽና አንዱን ጎን የሚያጠፋ ከሆነ በማዞሪያው ውስጥ አቧራ አለ። ኤሌክትሪኩን ነቅለው ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ያዙሩት። ካልተሻለው በኤሌክትሮኒክስ መደብር የሚሸጥ የኮንታክት ማጽጃ ይረጩበት። የበር ማጠፊያ የሚቀባ ዘይት እንዳይነፉበት፤ ለሳምንት ይሻለውና አቧራውን በጭቃ ይተካዋል።

የቤዝ ሳጥኑ ምንም ሳይሰካበት ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያጉረመርም ከሆነና ይህም ከዓመት ዓመት እየባሰ ከመጣ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ደርቀዋል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይለዋወጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ ተገልብጦ ሲወጣ 100 ይሆናል፤ ያን ማለስለስ የካፓሲተሮቹ ሥራ ነበር። የሬዲዮ ጠጋኝ በቀላሉ ይቀይራቸዋል። ራስዎ አይክፈቱት፤ ወደ ሳጥኑ የሚገባው 220 ቮልት ነው፣ ካፓሲተሩም ከተነቀለ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

4. መሰኪያውና ቀዳዳው

አሁን ወደ ጠፋው ዘፋኝ እንምጣ። መሰኪያውን ነቅለው ቢያዩት በጥቋቁር ቀለበቶች ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ጫፉ የግራውን ድምፅ፣ መሐሉ የቀኙን ይወስዳል፤ ከሥሩ ያለው ረጅሙ ክፍል ለሁለቱም የጋራ መመለሻ ነው። መሰኪያው በሙሉ ሳይገባ ሲቀር ወይም መመለሻው ሽቦ ሲበጠስ ግራና ቀኝ አንዱ በሌላው በኩል ለመመለስ ይገደዳሉ። ያን ጊዜ በሁለቱም ጎን እኩል የተቀዳው ሁሉ እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ የሁለቱ ልዩነት ብቻ ይቀራል። ዘፋኙ፣ ቤዙና ከበሮው አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ስለሚቀዱ ይሰወራሉ፤ ከጎን የተቀዱት መሣሪያዎችና የዘፋኙ የገደል ማሚቶ ግን ይሰማሉ። ይህን ሰምተው ዊንዶውስ ያስቀየሩ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ መሰኪያውን «ቀጭ» እስኪል ግፉት። ሙዚቃው እየሄደ በጣትዎ ቀስ ብለው ያዟዙሩት፤ ከዚያም ገመዱን መሰኪያው አንገት ላይ ወደ ጎን አጠፍ አጠፍ ያድርጉት። ድምፁ አብሮ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ገመዱ ከውስጥ ተበጥሷል፤ አዲስ መሰኪያ መበየድ ውድ ሥራ አይደለም። የጠቆረ መሰኪያ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮል በረጠበ ጨርቅ ይወለወላል። ቀዳዳው ውስጥ መርፌ አይክተቱ።

ቀለሞቹንም ይመልከቱ። አረንጓዴ የስፒከር፣ ሮዝ የማይክሮፎን፣ ሰማያዊ ከውጭ ድምፅ መቀበያ ነው። ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ፒሲ 99 በተባለው ደንብ ያስለመዱት አመዳደብ ነው። ብርቱካንማ፣ ጥቁርና ግራጫ ያሉት ኮምፒውተር ለብዙ ስፒከሮች የተዘጋጀ ነውና በእነርሱ ላይ የተሰካ ተራ ስፒከር ደካማና ጎደሎ ድምፅ ይሰጣል።

ከፊት ያለውን ቀዳዳ አላምነውም። ከማዘርቦርዱ ወደዚያ የሚሄደው ቀጭን ገመድ በሳጥኑ ውስጥ በሃርድ ዲስኩና በፓወር ሰፕላዩ አጠገብ ስለሚያልፍ የማሽኑን ሥራ ሁሉ ይሰበስባል፤ ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ጭርጭርታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው። ወደ ኋላው ቀዳዳ ይዛወሩ።

5. ኤሌክትሪኩ

ማጉረምረሙ የሚሰማው ስፒከሩ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲገናኝ ብቻ ከሆነ ሁለቱ መሣሪያዎች በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ተያይዘዋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩንም፣ ስክሪኑንም፣ ስፒከሩንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥን ወይም ከሳተላይት ዲሽ ጋር በገመድ ከተያያዘ ያንን ገመድ ነቅለው ይስሙ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ማጉረምረሙ ወዲያው ከቆመ ምክንያቱን አገኙት። በስፒከሩና በኮምፒውተሩ መካከል የሚገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የተባለ ትንሽ ዕቃ ይሸጣል፤ በደንብ ይሠራል። ድምፁ እንዲቆም ብሎ የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ግን በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

መብራት ሲጠፋና ዩፒኤሱ ሥራ ሲጀምር ብቻ ስፒከሩ የሚጮህ ከሆነ ምንም አልተበላሸም። ርካሽ ዩፒኤስ ከባትሪ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እንደ መብራት ኃይሉ የለሰለሰ ሳይሆን በደረጃ የተቆራረጠ ነው፤ በስፒከሩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ይነዝርበታል። ስፒከሩን ከዩፒኤሱ አውጥተው ለብቻው ይሰኩ።

ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከሩ ቀድሞ የሚያወጣውን «ድድ-ድድ-ድድ» ሁሉም ያውቀዋል። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ ያለ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ስለሚያሰራጭ ነው። ስልኩን አንድ ክንድ ያህል ያርቁት።

6. የድምፅ መጠን

ድምፅ ወደ ጆሮዎ እስኪደርስ ቢያንስ ሦስት ማዞሪያ ያልፋል፦ የማጫወቻው፣ የዊንዶውሱና የስፒከሩ። ሁሉም ጥግ ድረስ ሲከፈቱ የሚሆነው ሦስት ሰው ተራ በተራ ጨው የጨመረበት ወጥ ነው። ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ እስከ 125 በመቶ ይከፈታል፤ ከ100 በላይ ያለው የድምፁ ማዕበል ሊደርስ ከሚችለው ጣሪያ አልፎ እንዲቆረጥ ያደርጋል፤ ጆሮ የሚሰማው መሰንጠቅ ያ የተቆረጠ ጫፍ ነው። አንዴ ማጫወቻው ላይ የተቆረጠውን ስፒከሩን ዝቅ በማድረግ አይመልሱትም። ማጫወቻውን ከ100 አያሳልፉ፣ ዊንዶውሱን 70 ወይም 80 ላይ ይተዉ፣ የቀረውን በስፒከሩ ማዞሪያ ይጨምሩ። በማጫወቻው ኢኳላይዘር ላይ የቤዙ መስመሮች ሁሉ ሽቅብ ተገፍተው ከሆነ ወደ መሐል ይመልሷቸው።

7. የዊንዶውስ ቅንብር

በስክሪኑ ታችኛ ጥግ ባለችው የስፒከር ምልክት ላይ ማውሱን በቀኝ ተጭነው «ፕሌይባክ ዲቫይስስ»ን ይክፈቱ። በዊንዶውስ 10 ላይ ካላገኙት በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ሳውንድ» በሚለው በኩል ይደርሱበታል። አረንጓዴ ምልክት ያለበትን ስፒከር መርጠው «ፕሮፐርቲስ»ን ይጫኑ።

«ኢንሃንስመንትስ» በሚለው ገጽ «ዲዛብል ኦል»ን ምልክት ያድርጉ። ቤዝ ማብዛት፣ ድምፅ ማመጣጠን፣ ክፍል ማስመሰል የሚሉት ጌጦች አሮጌ ማሽን ላይ ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝናል። የሪልቴክ (የብዙ ማዘርቦርዶች የድምፅ ቺፕ አምራች) የራሱ ፓነል ካለም «ኤንቫይሮንመንት» የሚለውን ይመልከቱ። እዚያ ውስጥ ድምፁን የመታጠቢያ ቤት፣ የድንጋይ ኮሪደር፣ ይባስ ብሎም የፍሳሽ ቱቦ የሚያስመስሉ ምርጫዎች አሉ፤ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ አንደኛው ተመርጦ ቢያገኙ አይደነቁ። ባዶ ያድርጉት።

«አድቫንስድ» በሚለው ገጽ 16 ቢት፣ 44100 ኸርዝ ይምረጡና «ቴስት»ን ይጫኑ። ካልተሻለ 48000ን ይሞክሩ። 24 ቢትና 192000 ኸርዝ ለሙዚቃ ስቱዲዮ ይሁን፤ አሮጌ ማሽን ላይ መንተባተብ ከመጨመር ሌላ ጥቅም የለውም።

በ«ሌቭልስ» ገጽ የማይክሮፎንና የሰማያዊው ቀዳዳ መስመሮች ክፍት ከሆኑ ዝጓቸው፤ የማያቋርጥ «ሽሽሽ» ከእነርሱ ይመጣል። በኢንተርኔት ጥሪ በሚያደርግ ፕሮግራም ሲነጋገሩ ሌላው ድምፅ ድንገት የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ወደ «ሳውንድ» መስኮት ተመልሰው «ኮሚዩኒኬሽንስ» በሚለው ገጽ «ዱ ናቲንግ»ን ይምረጡ፤ ዊንዶውስ ጥሪ ያለ ሲመስለው የሌላውን ድምፅ 80 በመቶ እንዲቀንስ ተደርጎ ነው የሚመጣው።

8. ሲንተባተብ

«ታስክ ማኔጀር»ን ከፍተው ዘፈኑ ሲንተባተብ ሲፒዩውን (ዋናውን የማስሊያ ክፍል)፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን ይመልከቱ። ከመቶ የማይወርድ ነገር ካለ የሚያደርገውን ፕሮግራም ይዝጉ፤ አሥር ገጽ የተከፈተበት ብራውዘርና ሁለት ጸረ ቫይረስ በ2 ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ አይኖሩም። ማሽኑ ከሞቀ በኋላ ብቻ የሚንተባተብ ከሆነ ከፍተው የሲፒዩውን ማራገቢያ አቧራ ያጽዱ።

አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያላቸው ማሽኖች የሚያመጡት ሌላ ነገር አለ። ዊንዶውስ በዲስኩ ገመድ ላይ ስድስት ጊዜ ስህተት ካየ ያለማንም ትእዛዝ ፒአይኦ ወደሚባለው ዘገምተኛ አሠራር ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፋይል የሚያነበው ሲፒዩው ራሱ ስለሚሆን ድምፅ ይቆራረጣል። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የአይዲኢ ቻናሉን (ዲስኩ የሚገናኝበትን መስመር) ቅንብር ከፍተው ፒአይኦ የሚል ካዩ ቻናሉን «አንኢንስቶል» አድርገው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ፤ ዊንዶውስ መልሶ በፈጣኑ አሠራር ይጭነዋል። ደግሞ ከወረደ የዲስኩን ገመድ ይቀይሩ። ለዲስኩ ዕድሜም አይተማመኑ፤ ፋይልዎን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

የዋይፋይ ድራይቨርም ድምፅን በማቋረጥ የታወቀ ነው። ዋይፋዩን ለአምስት ደቂቃ ዘግተው ያዳምጡ። ድምፁ ከጠራ መቀየር ያለበት የዋይፋዩ ድራይቨር ነው፤ የድምፁን ይተዉት።

የድምፁን ድራይቨር በተመለከተ መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ፣ በሞዴሉ ስም የተቀመጠውን ይውሰዱ። «ድራይቨር በነፃ እናድሳለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ይራቁ። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ተቋርጦባቸዋል፤ ለአሮጌ ማሽን አዲስ ድራይቨር ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። የአምራቹ ካልሠራ በ«ዲቫይስ ማኔጀር» የድምፁን ክፍል መርጠው «አፕዴት ድራይቨር»፣ ቀጥሎ ከኮምፒውተሩ ውስጥ እመርጣለሁ የሚለውን ተከትለው «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚለውን የዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር ይጫኑ። ጌጥ የለውም፤ ግን ይሠራል።

9. ማዘርቦርዱ ነው ወይስ ዊንዶውሱ?

ፎርማት አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ይህ ነው። ሉቡንቱን ወይም ፓፒ ሊኑክስን (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሱ ነፃ ሥርዓቶች ናቸው) በፍላሽ ላይ ያዘጋጁ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንደ አምራቹ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ተጭነው ከፍላሹ ያስነሱት። ሳይጭኑ መሞከር የሚለውን ይምረጡ፤ ሃርድ ዲስኩ አይነካም። ያንኑ ዘፈን ያጫውቱ። በሊኑክስ ጥርት ብሎ ከተሰማ ጥፋቱ ከዊንዶውሱ ነው፤ ፋይልዎን አስቀምጠው አሁን ፎርማት ያድርጉ። በሊኑክስም ከሻከረ ፎርማት አያድነውም።

ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩን ነቅለው ሳጥኑን ይክፈቱና በማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች ይመልከቱ። ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ እርሱ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች በጉድለት በተሠሩ ካፓሲተሮች ምክንያት ተበላሽተዋል።

ለድምፅ ሲባል ብቻ ማዘርቦርድ አያስጠግኑ። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ፣ አውራ ጣት የማታክል የድምፅ ካርድ ይግዙ፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ያለ ድራይቨር ይቀበሏታል። ከኋላ ባለው ዩኤስቢ በቀጥታ ይሰኳት፤ በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ስትሰካ አሮጌ ማሽን ላይ ልትቆራረጥ ትችላለች። ከዚያ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ቅንብር) ገብተው የማዘርቦርዱን ድምፅ ይዝጉ፤ አለዚያ ዊንዶውስ አንዳንድ ጊዜ ወደ ተበላሸው ይመለሳል። ካርዷ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ስላላቸው ከመሰካትዎ በፊት የጆሮ ማዳመጫ ምልክት የተቀረጸበትን ይፈልጉ።